ሁለት ቀን የማይሞላው የዴልበርት ኮይል

ወንድሜ ዴልበርት በስልሳ ዓመቱ ሲጋራ አቆምኩ ሲል በከተማችን በላናርክ አንድ ያመነው ሰው አልነበረም። እኔም አላመንኩትም። እህቱ ነኝ፤ ቬፕ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሲጋራ የሚሸጥበት የከተማዋ ሱቅም የኔ ነው፤ መሣሪያውን በእጁ ያስያዝኩት ራሴ ነኝ። ቢሆንም «እሑድን ካለፈ ጆሮዬን ቁረጡኝ» ብዬ ለደንበኛው ሁሉ አውርቼ ነበር። እሑድ አለፈ። ሌላውም እሑድ አለፈ። ዐሥር ወር ሞላ! «አርሊን፣ ጆሮሽን አምጪ!» እያለ ያልቀለደብኝ ሰው የለም፤ እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ተሸንፌ አላውቅም።

ዴልበርትን ለማያውቅ ልንገር። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው፤ ድምፁ ደግሞ ከቁመቱ ይብሳል። ሚስት አላገባም፤ «ማን ይችለኛል?» ይላል፣ እውነቱን ነው። አባታችን ትቶልን ባለፈው እርሻ ላይ ከእናታችን ከአይና ጋር ይኖራል። እማዬ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ እንጂ አፏ አላረጀም። ዴልበርት በሙቀቱ ወራት ድርቆሽ ያጭዳል፣ በበረዶው ወራት እንጨት ይፈልጣል። መጋቢት ሲገባ ግን ሁሉንም ይተውና የሜፕል ዛፎቹን በስቶ ውሃቸውን ይቀዳል፤ ያንን ማፍያ ቤት ወስዶ በሰፊው የብረት ገንዳ ያፈላዋል። አርባ ባልዲ ፈልቶ ማር የመሰለ አንድ ባልዲ ሽሮፕ ቢወጣው ነው። እነዚያን ስድስት ሳምንታት ከእንፋሎቱ ውስጥ ድምፁን ትሰሙታላችሁ እንጂ ፊቱን አታዩትም።

ዴልበርትን ዴልበርት ያሰኘው ግን ሽሮፑ አይደለም፤ ጭፈራው ነው። በእኛ አዳራሽ አራት አራት ጥንድ ሆነን ነው የምንጨፍረው። ላያል የሚባለው ጓደኛው ቫዮሊኑን ይገዘግዛል፤ አንድ ሰው ደግሞ መድረኩ ላይ ቆሞ «ሴቶች ወደ መሀል! ወንዶች ዙሩ! የራስህን ልቀቅ፣ የጎረቤትህን ያዝ!» እያለ ያዛል። እሱን አውራጅ እንለዋለን። አውራጅ ትንፋሽ ከሌለው ጨፋሪው እርስ በርሱ ይረጋገጣል። ዴልበርት ሃያ ዓመት ሲያወርድ አንድ ሰው ተረግጦ አያውቅም። ከዚያ ያ ሳል መጣ። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በየዓመቱ መጋቢት ላይ በምናዘጋጀው የፓንኬክ እራት ቅዳሜ፣ ትንፋሹ ታፍኖ ፊቱ ቀይ ሥር መሰለ፤ ሁለት ሆነን ደግፈን ከመድረክ አወረድነው። ከዚያ ወዲህ ላያል ከስልኩ የማናውቀውን ሰውዬ ድምፅ እየከፈተ ያስጨፍረናል። ስልክ ደግሞ ሰው አያይም፤ አንዲት አሮጊት ብትሳሳት ቆም ብሎ አይጠብቃትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስንረጋገጥ ከረምን።

እንግዲህ ዘንድሮ የካቲት ላይ ዴልበርት ላያልን ጠርቶ፣ «ያንን ስልክህን ጉድጓድ ክተተው። የፓንኬኩን ጭፈራ የማወርደው እኔ ነኝ» አለው። ወሬው በአንድ ቀን አገር ምድሩን አዳረሰ። ያረጀ ጫማቸውን ወደ ሰፊ የላኩ ሰዎች ነበሩ። እኔ ራሴ ሱቄ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ብቻዬን ስሽከረከር ደንበኛ ገብቶ ያዘኝ፤ አላፈርኩም።

መጋቢት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው ጉዱ የፈላው። የሱቄ በር በርግዶ ተከፈተና ዴልበርት ጎንበስ ብሎ ገባ።

«አርሊን! ይሄ ነገርሽ አረረ!»

«ደልዬ፣ ሰው አለ፣ ቀስ በል።»

«ሰውም ይስማ! ጉሮሮዬን ጠበሰው! የተቃጠለ ካልሲ የተቃጠለ ካልሲ ነው የሚለው!»

«የተቃጠለ ካልሲ ደግሞ መቼ ቀምሰህ ታውቃለህ?»

«ዛሬ ጠዋት!»

ቬፕ ውስጥ ኮይል የሚባል ጥምዝ ሽቦ አለ፤ ዙሪያውን በጥጥ ተጠቅልሏል። ጥጡ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ሽቦው ሲግል ፈሳሹ ይተናል፣ ሰውዬው ይስበዋል። በቃ ይኸው ነው። ጥጡ ከደረቀ ወይም ከተደፈነ ግን ሽቦው ጥጡን ራሱን ይጠብሰዋል። ደህና ኮይል ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ የተጠነቀቀለት ሦስት። የዴልበርትም ኮይል ዐሥር ወር ሙሉ እንደዚያ ሲቆይለት ኖሮ በድንገት በሁለት ቀን ማረር ጀመረ።

ደንበኛው ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዴልበርት ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰምታችሁ ከሆነ የሆነ ነገር ሊነግራችሁ ነው።

«ትናንት ነዳጅ ማደያው ጋ የሲጋራውን መደርደሪያ ቆሜ አየሁት» አለኝ።

«ገዛህ?»

«አልገዛሁም። አየሁት ነው የምልሽ። ግን አርሊን፣ ሙች፣ እንዲህ እየጠበሰኝ ከቀጠለ እገዛለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

 እኔም አውቀዋለሁ። አንድ ፓኮ ከገዛ ነገሩ አበቃ፤ ሳሉ ይመለሳል፣ ጭፈራው ይቀራል። ጭፈራውስ ይቅር፤ አባታችንን በስልሳ ሦስት ዓመቱ የወሰደው ያው ሳል ነው። «እንግዲያው ቁጭ በል» አልኩት፤ እንደ መርማሪ ፖሊስ ጀመርኩት።

«አዲስ ኮይል ስትከት ጥጡን ቀድመህ ታርሰዋለህ? ከሞላህ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ትጠብቃለህ?»

«ዐሥር ደቂቃ! ገንዳው እየፈላብኝ ዐሥር ደቂቃ ማን ሰጠኝ?»

«ኧረ ደልዬ! በደረቅ ጥጥ ላይ ነው እሳት የምትለቅበት? ስጠኝ እስቲ።» መሣሪያውን ተቀበልኩትና ኃይሉን የምታሳየውን ትንሿን መስኮት አየኋት። ሰማንያ ዋት ትላለች። ኮይሉ ላይ የተጻፈው ከአርባ አይበልጥም። «ይሄን ማን ነው የሰቀለው?»

«ላያል ነው። ጭሱ ይብዛልህ ብሎ።»

«ላያል ቫዮሊኑን ይያዝ!»

ወደ ሠላሳ አምስት አወረድኩለት፤ ጥጡን እንዴት ጠብ ጠብ አድርጎ እንደሚያርስ አሳየሁት፤ አዲስ ኮይል ከትቼ ሸኘሁት። ደረቴን ነፋሁ። እንዲያውም ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ፣ «ፈሳሹ ግን ሰሞኑን ጣፍጦኛል፣ ምን አድርገሽበት ነው?» ሲለኝ፣ «እኔ እኮ ለወንድሜ ምርጡን ነው የማስቀምጠው» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ምንም አላደረግኩበትም ነበር። ጣዕሙ ቀላል የሆነ፣ ጣፋጭ ነገር ያልገባበት፣ ሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ተራው ፈሳሽ ነው።

በሁለተኛው ቀን በሩ በርግዶ ተከፈተ።

«አረረ!»

«እንዴት ነው የምትስበው?»

«በአፌ ነዋ!»

«በአፍህ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ እያከታተልክ ነው ወይ?»

ማሰብ ጀመረ። ገንዳው ፊት ቆሞ አረፋውን ሲጠብቅ፣ ሳያስበው አንዱን ሳይተነፍስ ሌላውን ይስባል። ጥጡ መልሶ ለመጠጣት ጊዜ አያገኝም ማለት ነው። «አንዴ ሳብ፣ ከዚያ ሠላሳ ቁጠር» አልኩት። ሄደ። ኋላ ላያል እንደነገረኝ ማፍያ ቤት ውስጥ እየዞረ «አንድ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ግራ፣ ሦስት እጅ ተያያዙ» እያለ በጭፈራ ነበር የሚቆጥረው። ሠላሳ ሲሞላ የጭፈራው ወግ ይዞት መሳቡን ይረሳዋል። ይህንን ስሰማ በሳቅ ሞትኩ፤ አሁንስ ተሳካ አልኩ።

በሁለተኛው ቀን በሩ ተከፈተ። «አረረ።»

«የት ነው የምታስቀምጠው?»

«መኪናዬ ውስጥ።»

«በዚህ ብርድ! ፈሳሹ እኮ ሲበርደው ይወፍራል፤ ጥጡ እንዴት አድርጎ ይጠጣው? ገላህ አጠገብ ያዘው።»

ገላህ አጠገብ ስላልኩት የት ቢከተው ጥሩ ነው? ከረጅሙ የውስጥ ሱሪው ውስጥ! ሱቁ ውስጥ ሦስት ሴቶች ቆመው ሳለ አውጥቶ «ይኸው ሙቅ ነው፣ ግን አረረ» ብሎ ባንኮኒዬ ላይ ቁጭ አደረገልኝ። ከሴቶቹ አንዷ የገዛችውን ሳትይዝ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የኮይሎቹን ፓኮ ለወጥኩ፤ ምናልባት የተበላሸ ምርት ይሆናል ብዬ። አረረ። የራሴን አዲስ መሣሪያ ሰጠሁት። አረረ። አዲስ ጠርሙስ ፈሳሽ ከፍቼ ሰጠሁት። እሱም አረረ። ዐሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ የአገሩን ኮይል ሁሉ ያዳንኩ ሴት ነኝ፤ ደንበኞቼ ከሩቅ ከተማ ይመጣሉ፤ የገዛ ወንድሜ ኮይል አንበረከከኝ። እንቅልፍ አጣሁ፤ እኔ አርሊን ስለ ጥጥ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ!

ጭፈራው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ዕለት፣ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አልጮኸም። የተቃጠለውን ኮይል በመሐረብ ጠቅልሎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ።

«አርሊን፣ ብዙ ለፋሽልኝ። ላያልን ስልኩን ቻርጅ ያድርግ በይው» አለና ወጣ።

 መኪናውን አስነስቶ በነዳጅ ማደያው በኩል ሲታጠፍ በመስኮት አየሁት። ቆመ። ከዚያ ደግሞ ሳይወርድ ሄደ። ዛሬ አልወረደም፤ ነገ ይወርዳል።

በንዴት ፒንሳ አንሥቼ ያንን ኮይል ሰነጠቅኩት። ተራው ፈሳሽ የሚተወው ቡናማ፣ ለስላሳ ዝቃጭ ነው። ይሄኛው ግን ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጥፍር ሲነኩት ቀጭ የሚል ቅርፊት ሆኗል። ላይተር አብርቼ ጠጋ አደረግኩት፤ ጤሰ። አሸተትኩት።

እኔ እዚያ እርሻ ላይ ነው የተወለድኩት። ያንን ሽታ ዐይኔን ብትሸፍኑኝም አልስተውም፤ ገንዳው ከተረሳ በኋላ ከሥሩ የሚፋቀው ነው። ሽሮፕ! የራሳችን ሽሮፕ! የወንድሜ ጥጥ ውስጥ ስኳር ነው ያረረው!

«ዴልበርት! አንተ ቀጣፊ!» ብዬ ባዶ ሱቅ ውስጥ ጮህኩ። በሩ ላይ «መጣሁ» የሚል ወረቀት ለጥፌ ወደ እርሻው ነዳሁ።

ማፍያ ቤቱ በእንፋሎት ተሞልቷል። በድምፁ እየተመራሁ አገኘሁት።

«ሽሮፕ ጨምረሃል!»

«ምን ላይ?»

«ፈሳሹ ላይ ነዋ! አታዋሽከኝ! ‹ጣፍጦኛል› ስትለኝ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼሃለሁ! እኔ እዚህ ስለ ዋት፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ሱሪህ ስጨነቅ አንተ...»

«አርሊን፣ አብደሻል? ሽሮፕ ምን ሊሠራ እጨምራለሁ? በአባታችን ልማልልሽ?»

«በአባታችን አትማል፣ ያፍርብሃል!»

«አረፋው! አረፋው!» አለ። ገንዳው ገንፍሎ ሊፈስ ነው። ትንሽ ቅቤ ጣል ሲያደርግበት አረፋው ወዲያው ተቀመጠ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም፤ ስድቤን ካቆምኩበት ቀጠልኩ። እሱም መለሰልኝ። በልጅነታችን እንኳን እንደዚያ አልተሰዳደብንም፤ ስለ ተረከዜ ሳይቀር ተናገረኝ። በዚህ መሀል እማዬ በረዶ ላይ ከምናፈሰው ትኩስ ሽሮፕ ጋር የሚበላውን የኮምጣጤ ኪያር ይዛ ገባች። ሽሮፑ አፍ ሲያጣብቅ በኪያሩ ነው የምናስለቅቀው።

«ምንድን ነው የምትጯጯሁት? ከብቱ በረገገ እኮ» አለች።

«ልጅሽ ቬፑ ውስጥ ሽሮፕ እያፈሰሰ ኮይል ይጨርሳል፣ እማዬ!»

«እኔ አላፈሰስኩም፣ እማዬ!»

እማዬ የኪያሩን ሳህን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እሱ አላፈሰሰም» አለች። «እኔ ነኝ።»

እኔና ዴልበርት እኩል ወደ እሷ ዞርን።

«ጠዋት ጠዋት አንተ ወደዚህ ስትወጣ፣ ያቺ ጠርሙስህ ጓዳው መደርደሪያ ላይ አይደለች? አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጠብ አደርግባታለሁ፤ ያውም ከዘንድሮው መጀመሪያ ከወጣው፣ ከነጩ። ለቄሱ እንኳን ያልሰጠሁትን።»

«እማዬ!» አልኩ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። «እማዬ፣ ሳንባ እኮ ፓንኬክ አይደለም!»

«ይሄ የሚያመጣውን የሳሙና ውሃ ነው ታዲያ ሳንባ የሚወደው? ራሱ አይደል ምሳ ላይ ቁጭ ብሎ ‹የሳሙና ውሃ ነው የምስበው፣ ከዚህስ ሲጋራዬ ይሻለኝ ነበር› ያለኝ? አልክ አላልክም?»

«ብያለሁ» አለ ዴልበርት። «ወሬ ነው እኮ፣ እማዬ። ለወሬ ያህል።»

«ላንተ ወሬ ነው። እኔ አልጋዬ ከግድግዳህ ጋር ነው።» ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች። «አባትህን ሃያ ዓመት ሲስል ሰማሁት። እሱ ሲያቆም አንተ ጀመርክ። አንተ ሳል ጀምረህ በመሀል ዝም ስትል፣ ተንፍሶ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ነው የኖርኩት። ዐሥር ወር ሆነኝ መተኛት ከጀመርኩ፤ እሱም በአንድ ጆሮ። እና ‹ሲጋራዬ ይሻለኛል› ስትለኝ ምን ላድርግ? እንዳይመርህ ብዬ አጣፈጥኩልህ።»

ዴልበርት ይህን ሁሉ ቁመቱን ይዞ ቆሞ ቀረ። እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ኮይል ስጠግን ጥጥ የሚያሳርረውን ሁሉ አውቃለሁ ብዬ ነበር። እንዳይመለስ የደከመችለት እናቱ ናት ወደ ሲጋራው ስትገፋው የሰነበተችው፤ እሷም ሲገባት ፊቷ ልውጥ አለ።

«እኔ ነኝ እንዴ ያሳረርኩት?» አለች።

«አንቺ አይደለሽም፣ ስኳሩ ነው» አልኳት። «ስኳር አይተንም፣ እማዬ፤ ሽቦው ላይ ይጋገርና ጥጡን ይደፍነዋል። ደግሞ ወደ ሳንባ የሚሳብ ነገር ውስጥ ምግብ አይገባም። በቃ ከእንግዲህ አትጨምሪ።»

«ማን ነገረኝ ታዲያ! አንቺ ሱቅ ከፍተሽ ለአገሩ ሁሉ ስታስረጂ፣ ለእናትሽ አንድ ቀን አስረድተሻል?»

ይህቺ እውነት ነበረች። ዴልበርት ግን ያኔ ነው ሳቁ የመጣበት። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ማፍያ ቤቱ ተናጋ። ሳቀ ሳቀና ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። እማዬና እኔ በፍርሃት ተያየን፤ ድሮ እንዲህ ሲስቅ መጨረሻው ሳል ነበር። ስቆ ስቆ ጨረሰ፤ ተነፈሰ፤ አልሳለም። እማዬን ብድግ አድርጎ ሲያዞራት፣ «አውርደኝ፣ አንተ ከይሲ! ኪያሩ!» እያለች በጡጫ ትደበድበዋለች።

መሣሪያውን አጥቤ፣ አዲስ ኮይል ከትቼ፣ አዲስ ጠርሙስ ሰጠሁት። እማዬ ጠርሙሱን ራሷ ተቀብላ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተችና ቁልፉን ቆለፈችለት። ሐሙስ ሱቄ ውስጥ በሩን ሳይ ዋልኩ። አልመጣም። ሁለተኛው ቀን ዓርብ ነው። ዓርብ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ ዘልዬ አነሣሁት።

«አረረ?»

«ምኑ?» አለ ዴልበርት። «ኧረ የጭፈራ ሱሪዬ አልገባ ብሎኝ ነው። መርፌ አለሽ?»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ፓንኬኩ ተበላ፣ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተገፋ፣ እማዬን ከመድረኩ ሥር ወንበር ሰጠናት። ላያል ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አደረገ። ዴልበርት ወጣ። ጣራውን አየ፣ እኛን አየ፣ ደረቱን ነፋ። «ክብ ሥሩ!» ሲል መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ እኔም እልል ማለት አማረኝና አልኩት።

ጨፈርን! አንዱን ጨርሶ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን ጨርሶ ሦስተኛውን አወረደ። አንድ ሰው እንኳን አልተረገጠም። የተሳሳተውን በስሙ እየጠራ፣ የደከመውን እየጠበቀ፣ በመሀል እየተሳደበ፣ አንዱን ትንፋሽ ሳይጨርስ ሌላው እየመጣለት። ሰማንያ እግር ወለሉን ይደበድባል፤ የላያል ያላበው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

አራተኛው ጭፈራ መሀል ላይ ዴልበርት በድንገት አፉን ከፍቶ ቆመ። ቫዮሊኑም ቆመ። ወደሚያይበት ዞርን። እማዬ ወንበሯ ላይ አንገቷ ወደ ጎን ወድቋል፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተዋል። ያ ሁሉ ጫጫታ ከጆሮዋ ሥር እያለ አልተንቀሳቀሰችም። ክፉውን አሰብኩ። ዴልበርት ከመድረኩ ሊዘል አንድ እግሩን አነሣ።

እማዬ አንድ ዐይኗን ገለጠች። ለካስ እንቅልፍ ነው፤ ድብን ያለ እንቅልፍ። ዴልበርት ዝም ሲል ነው የነቃችው።

«ምን ሆንክ?» አለችው። «ትንፋሽ አጠረህ?»

«ኧረ አላጠረኝም፣ እማዬ!»

«እንግዲያው ምን ያስቆምሃል? ቀጥላ!» አለችና ዐይኗን መልሳ ጨፈነች።